ማጠንጠኛውና የሰውዬው ሱሪ

ሰው የገዛ ቤቱ አድራሻ ሲነገር ሰምቶ ቅር የሚለው መቼ ነው ቢባል፣ የዚህ በያጅ መልስ ቀላል ነው፤ አማቱ በስልክ ሲናገሩት ነው። ጠዋት ነው፣ ገና አንድ ሰዓት ተኩል። እሱ የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደሰካ ከመታጠቢያው ብቅ ሲል፣ እሳቸው ሳሎን መስኮቱ ስር ቆመው፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ለሩቅ ዘመድ መንገድ ያመለክታሉ። «ከፋርማሲው አለፍ ትያለሽ። ከዚያ ያገኘሽውን ሰው ቋጠሮ ቤት የቱ ነው ብለሽ ጠይቂ፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም ያሳይሻል።» ትንሽ አዳመጡና ደግሞ፣ «ስሙማ ሌላ ነው። ግን በስሙ ብትጠይቂ ማን ያውቀዋል?» አሉ።

ቋጠሮ እንግዲህ እሱ ነው። አመሉ የከፋ ሆኖ፣ ወይም ቂም የሚይዝ ሆኖ አይደለም፤ ደግ ሰው ነው። ጣጣው ከኬብሎቹ ነው። በጋሪ ይዟት የሚዞር አንዲት ትንሽ የብየዳ ማሽን አለችው፤ ከማሽኗ ሁለት ኬብሎች ይወጣሉ፣ አንዱ ኤሌክትሮድ ወደሚይዘው ሆልደር፣ ሌላው ወደሚበየደው ብረት የሚሄድ፣ እያንዳንዳቸው ሃያ ሜትር። እነዚህ ሁለት ኬብሎች ማታ ተለያይተው ያድራሉ፣ ጠዋት ጋሪው ላይ ሲወጡ ግን ሳይተያዩ እንደከረሙ እህትማማቾች አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ይገኛሉ። ሥራ ቦታ ደርሶ እነሱን ማላቀቅ ከብየዳው ይበልጥበታል። አንድ ጊዜ አንድ ባለ ዳቦ ቤት፣ ለአንድ ማጠፊያ ብየዳ የጠራው ሰው፣ ወንበር አውጥቶ በሩ ላይ ተቀምጦ በያጁ ሲፈታ እስከ ምሳ ድረስ ተመለከተውና ይህን ስም አወጣለት። ስም ደግሞ እንደ ቀለም ነው፤ ልብስ ላይ ካረፈ አጥበህ አታስለቅቀውም።

በያጁ አፉን ተጉመጠመጠ። ከአማቱ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ጣራ ሥር ሲኖሩ ፊት ለፊት የተነጋገሩበት ቀን በጣት ይቆጠራል። ጠብ የለም፤ እንዲያው መጀመሪያ ተፈራሩ፣ ከዚያ ተላመዱት። ወሬው ሁሉ በሚስቱ በኩል ያልፋል። እሳቸው «ሻዩ ቀዝቅዟል በዪው» ይላሉ፣ እሱ «ግድ የለም እንዲህ ይሻላል በያቸው» ይላል፣ ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ ሚስቲቱ በመሀል እንደ ፖስታ ቤት። ስለዚህ ያን ጠዋትም ለምን እንዲህ ይሉኛል ብሎ አልጠየቀም። በልቡ ግን፣ «እስከ ዛሬ ማታ ነው። ከዛሬ ማታ በኋላ ቋጠሮ የሚባል ሰው በዚህ ሰፈር አይኖርም» አለ። ይህን ያለው በባዶ ሜዳ አልነበረም። ኮሪደሩ ውስጥ፣ በአልጋ ልብስ የተሸፈነ አንድ ነገር ነበረው።

የሸፈነው ሁለት የኬብል ማጠንጠኛ ነው። የተሠራ ማጠንጠኛ የዕቃ መደብር ውስጥ አይቶ ነበር፤ ባለሱቁ ዋጋውን ሲነግረው በያጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ፣ ባለሱቁ ግን አልሳቀም። የሁለት ሳምንት ገቢ ነው የጠራው። «ይኼማ ክር የሚጠቀለልበት እንጨት ነው፤ ትልቅ ሆነ እንጂ ምን ሌላ ነገር አለው?» ብሎ ወጣና ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ለመሀሉ ባልዲ የሚያህል ወፍራም የብረት ቱቦ ከአሮጌ ብረት ሻጭ አምጥቶ ለሁለት ቆረጠ። ግራና ቀኙን ኬብሉ እንዳያመልጥ የሚይዙ አራት ክብ ላሜራዎች ከበርሜል ክዳን አወጣ፣ ጫፋቸው ኬብሉን እንዳይቆርጥ በመዶሻ አጠፈው። ለመዞሪያ ዘንጉ የውኃ ቧንቧ፣ ለኩሽኔታው ከሞተ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የወጣ፣ ለማቆሚያው ደግሞ ሚስቱ ከማግባቷ በፊት ትተኛበት የነበረው የብረት አልጋ ራስጌ ሆነ። ቀለሙ አረንጓዴ ነው፣ የክሊኒክ በር ቀብቶ የተረፈው። ማጠንጠኛዎቹን አንድ ጎን ከአንድ ጎን አጋጥሞ ጋሪው ላይ እንዲቀመጡ፣ ከጋሪው ላይም እንደ ሻንጣ ተነሥተው እንዲወርዱ አደረጋቸው። ሲዞሩ ድምፅ የላቸውም። እውነቱን ለመናገር ያምሩ ነበር።

የቀረው መዘውር ነበር፤ እሱንም ማታውን ከኩሽና አገኘው። ሚስቱ ጠዋት መሳቢያ ከፍታ ዘጋች፣ ሌላውን ከፍታ ዘጋች፣ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ መጣች።

«የሥጋ መፍጫው እጀታ የት ሄደ?»

«ሥጋ ከፈጨን ስንት ጊዜ ሆነን?»

«ባንፈጭስ። እጀታው ካለ እኮ ሰው ተስፋ ይኖረዋል።»

«ይኸውልሽ፣ ተስፋሽ እዚህ ነው» አለና የአልጋ ልብሱን ገለጠው። ሚስቱ የገዛ አልጋዋን ራስጌ አየች፣ የሥጋ መፍጫዋን እጀታ አየች፣ ባሏን አየች። ሳቋ መጣ፣ ዋጠችው። የኬብሉን ጫፍ ያዢልኝ ሲላት ያዘችለት፤ እሱ መዘውሩን አዞረ። ኬብሉ አንዱ ዙር ከአንዱ ዙር ጋር ጎን ለጎን እየተኛ፣ አንዱ ረድፍ ሲሞላ ሌላው ከላይ እየተደረበ፣ ክፍተት የሌለው ጥቁር ጥቅል ሆነ። እጀታው አንድ ብቻ ስለሆነ ከአንደኛው ነቅሎ ሁለተኛው ላይ ሰክቶ ያንኑ ደገመ። ሲጨርስ ራቅ ብሎ አየው፣ ቀረብ ብሎ በመዳፉ ዳበሰው። ይህን ጊዜ አማቱ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ፣ ለመውጣት ጃንጥላቸውን ይዘው መጡና ቆሙ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ለልጃቸው፣ «ያምራል በዪው። ብየዳ ግን በማማር አይደለም በዪው» አሉ። በሩ ላይ ሲደርሱም፣ «እኔም እዚያው ነኝ፤ ቀሚሴን ልለካ ነው። ለሴትዮዋ አፍ አውጥቼ ቃል የገባሁላት እኔ ነኝ፣ እንዳያሳፍረኝ በዪው» ብለው ወጡ።

ሴትዮዋ የሚሏት ልብስ ሰፊዋን ነው። ሱቋ ፎቅ ላይ ነው፣ የሚወጣውም ከውጭ በኩል በብረት ደረጃ ነው፤ የደረጃው መደገፊያ ከላይ በኩል ተበጥሶ ደንበኞቿ ግድግዳ እየታከኩ መውጣት ከጀመሩ ወር አልፏቸዋል። ሌላ በያጅ ልትጠራ ስትል አማቱ «የኔው ሰው አለ» ብለው አስጣሏት። እንግዲህ በያጁ የሚያስበው ይህን ነበር፤ የልብስ ሰፊ ቤት ማለት የሰፈር አፍ ማለት ነው። እዚያ የተሠራ ነገር በማግስቱ የማይሰማው የለም። እዚያ ቤት ጋሪውን ገፍቶ ደርሶ፣ ኬብሉን በአንድ እጁ ስስስ አድርጎ ስቦ፣ በይዶ፣ በመዘውር ጠቅልሎ ቢወጣ፣ ያ ስም ያን ቀን ይወልቃል። ከተወሳሰበበት ግን መቃብሩ ድረስ ይከተለዋል፤ መቃብሩም ላይ ሳይጽፉት አይቀሩም።

ሱቁ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል መቁረጫ ጠረጴዛ፣ በሌላ በኩል ፊቷ ወደ መስኮት የዞረ የስፌት መኪና፣ በመሀል ሰው ቆሞ የሚለካበት ዝቅተኛ በርጩማ፣ ፊት ለፊቱም መስታወት። ወለሉ ሳንቃ ነው፣ በሳንቃዎቹ መሀል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። አንዲት ሶኬት ብቻ ናት ያለችው፣ እሷም ጠረጴዛው ሥር። ስለዚህ በያጁ ማሽኗንና ማጠንጠኛዎቹን ተሸክሞ አወጣና በጠረጴዛውና በበርጩማው መሀል አስቀመጣቸው፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። በርጩማው ላይ አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው ቆሟል። ሹመት አግኝቶ አዲስ ሱፍ የሚያሰፋ ሰው ነው፤ ሱሪው ገና አልተሰፋም፣ ወገቡም የእግሩ ጫፍም ዙሪያውን በስፒል ነው የተያዘው። ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ፣ ተንበርክካ እየሰካች፣ «እንዳትነቃነቅ» ትለዋለች፤ ወይም እንደዚያ ማለቷ ነው፣ የሚሰማው «እምምም» ብቻ ነው። አማቱ ከሰውዬው ጀርባ አጭር ወንበር ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

በያጁ የሆልደሩን ኬብል ሳበ። ማጠንጠኛው ያለ ምንም ድምፅ ዞረ። ቀሚስ እንደለበሰች ሙሽራ ተሽከረከረ ብል አላጋነንኩም። የሁለተኛውንም ሳበ። እስከ ደረጃው ድረስ ከየኬብሉ ስድስት ስድስት ሜትር በቃው፤ አሥራ አራት አሥራ አራቱ ጥቅሉ ላይ ቀረ። እዚህ ላይ ማንም በያጅ፣ ጀማሪውም ጭምር፣ ቀሪውን ስቦ ጨርሶ መዘርጋት እንዳለበት ያውቃል። እሱም አንድ ጊዜ ከአለቃው ሰምቶት ነበር። ግን አዲስ በተነጠፈ አልጋ ላይ ለመቀመጥ የሚሳሳ ሰው አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ እንደዚያ ሆነ። ያን ሁሉ ጎን ለጎን ያስተኛውን ጥቅል በትኖ ወለል ላይ ሊያስተኛው አንጀቱ አልቻለም። አማቱን በዓይኑ ጫፍ አየ። እያዩት ነበር። ወጣ፣ መከላከያውን ፊቱ ላይ አወረደ፣ ኤሌክትሮዱን ነካ አደረገ። እሳቱ ቦግ አለ።

ውስጥ፣ ሰውዬው የቀኝ እግሩ ሱሪ ቀስ ብሎ ሲጎተት ተሰማው። መጀመሪያ ነፋስ መሰለው። ከዚያ ነፋስ እንዲህ ባለ ጭብጥ አይጎትትም ብሎ አሰበ። ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ወደ መኪናዋ ሄዳለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ክር ታስገባለች። ከኋላው ያሉት እኚያ ሴትዮ ብቻ ናቸው።

«እማማ» አለ ሳይዞር፣ እንዳትነቃነቅ ተብሏልና።

«አቤት ልጄ።»

«ሱሪዬን ነክተውት ይሆን?»

«እኔ? ምን በወጣኝ።»

ደጅ በያጁ ኤሌክትሮዱን አንሥቶ የሠራውን አየ፤ ውስጥ ሱሪው ተለቀቀ። ሰውዬው እፎይ አለ። በያጁ ቀጠለ፤ ሱሪው ተጎተተ። ይኼ እያረፉ መጎተት ነው ነገሩን ያባሰው። ማሽን አያርፍም፣ ነፋስ አያርፍም፤ እያረፈ የሚጎትት ሰው ነው፣ ያውም ነገር የሚፈልግ ሰው።

«እማማ፣ ጨዋታ እወዳለሁ። ቤቴም ጨዋታ ነው። ግን እዚህ ተሰክቼ ነው ያለሁት።»

«አንተ ልጅ፣ ጤና አለህ? በዚህ ዕድሜዬ የወንድ ሱሪ ልጎትት?»

«ታዲያ ከኋላዬ ሌላ ማን አለ?»

አማቱ በሕይወታቸው ብዙ ነገር ተብለው ያውቃሉ፤ እንዲህ ግን ተብለው አያውቁም። ወንበራቸውን አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሳቡ። ሱሪው ተጎተተ። ቦርሳቸውን አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ «ይኸው፣ በመስታወቱ እየኝ» አሉ። ሰውዬው በመስታወቱ አያቸው፤ እጃቸው ከላይ ነው። ሱሪው ግን ተጎተተ።

«በእግርዎ ነዋ» አለ።

አማቱ ጫማቸውን አወለቁና እግሮቻቸውን አጥፈው ወንበሩ ላይ አወጡ። እንዲያ ሆነው፣ እጅ ወደ ላይ፣ እግር ወንበር ላይ፣ ተቀምጠው ሳለ ነው በያጁ መከላከያውን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የገባው። ወፍራሙ ምሰሶ ጋ ስለደረሰ የማሽኗን ኃይል ሊጨምር ነበር የመጣው። ማንም አልተናገረም። ሰውዬው ፊቱ ቲማቲም መስሏል፣ አማቱ እጃቸውን ሰቅለው ጣራ ጣራ ያያሉ። በያጁ ዝምታውን አድናቆት ነው ብሎ ወሰደው። ማጠንጠኛውን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረገው፣ ቁልፉን ወደ ቀኝ አዞረ፣ በትሕትና ጎንበስ ብሎላቸው ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በአንድ ትንፋሽ ነው የሆነው። ደጅ እሳቱ ሲነሣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የነበረው የስፒል ቆርቆሮ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። በውስጡ ያሉት ስፒሎች ብድግ ብድግ አሉ። ከዚያ ቆርቆሮው ሰው እንደጠራው ሁሉ ተንሸራቶ ወረደና ማጠንጠኛው ላይ ጧ ብሎ ተለጠፈ፤ ክዳኑ ተከፈተ፣ ግማሹ ስፒል ብረቱን ወረሰው፣ ግማሹ በሳንቃው ክፍተት እየተንጠባጠበ ጠፋ። ትልቁ መቀስ ተከተለ። የሰውዬው የቀኝ እግር ሱሪም ከነስፒሎቹ ሄዶ እዚያው ተጣበቀ። ሰውዬው ደንግጦ ከበርጩማው ወረደ። እሱ ወረደ እንጂ ሱሪው አልተከተለውም፤ ወገቡ በስፒል ነው ብያችኋለሁ። ሸሚዙ ረጅም መሆኑ የፈጣሪ ቸርነት ነው።

ልብስ ሰፊዋ ዞራ አየች። ከንፈሯ ላይ የነበሩትን ስፒሎች አንድ በአንድ አውጥታ በጥንቃቄ የጋውኗ ደረት ላይ ሰካቻቸው፤ ከዚያ ነው «ምንድን ነው ይኼ?» ያለችው።

አማቱ በባዶ እግራቸው ወደ በሩ ሮጡ። «ተው» ሊሉት፣ «አቁም» ሊሉት አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ምን ብለው ይጥሩት? በስሙ ጠርተውት አያውቁም። በዚያ በሌላው ስም ፊት ለፊት መጥራት ነውር ነው። ልጄ እንዳይሉት አሥራ ሁለት ዓመት አልፎበታል፣ አሁን ቢጀምሩት ይደነግጣል። ስለዚህ ጃንጥላቸውን አነሡና የመከላከያውን አናት በጫፉ ኳ ኳ አደረጉት። በያጁ ቀና አለ። አማቱ በጃንጥላው ወደ ውስጥ አመለከቱ።

ማጠንጠኛው ጃርት መስሎ ነበር። እሳቱ ሲቋረጥ ስፒሉ መርገፍ ጀመረ፤ መቀሱም ወደቀ። በያጁ ቆሞ ቆሞ አየ። ከትምህርት ቤት የቀረችው አንዲት ነገር ብልጭ አለችለት፤ መምህሩ ምስማር ላይ ሽቦ ጠቅልለው፣ ባትሪ ድንጋይ ላይ አያይዘው፣ የብረት የብዕር ክዳን ሲያነሡ። ከዚያ ከሁለት ወር በኋላ ነው ትምህርት የተወው። «ማግኔት ሆኖ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ኬብሉ ብረት ላይ ተጠቅልሎ ኃይል ሲያልፍበት ብረቱ ማግኔት ይሆናል። ሙሉውን መዘርጋት ነበረብኝ።»

«ታዲያ ለምን አልዘረጋኸውም?» አሉ አማቱ። ቀጥታ እሱን ነው የጠየቁት፣ መሀል ላይ ማንም የለም። ሁለቱም ይህን ልብ አሉት፣ ሁለቱም ትንሽ አፈሩ።

«አሳሳኝ» አለ።

ሰውዬው በአንድ እጁ የሸሚዙን ጫፍ ወደ ታች እየሳበ ጎሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ እንግዲህ ይቅርታ ማለት ይገባኛል።»

«መጀመሪያ ሱሪ ልበስ፤ ይቅርታው ይደርሳል።»

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን መደገፊያው ገና በግማሹ ነበር። በያጁ ማጠንጠኛዎቹን አዞረና ሃያውንም ሃያውንም ሜትር ስቦ አወጣው። ሌላ ምን ያድርግ? ቤቱ ጠባብ ነው፤ ኬብሉ በጠረጴዛው እግር ዞረ፣ በበርጩማው ሥር አለፈ፣ በስፌት መኪናው ፔዳል ገብቶ ወጣ፣ ሁለቱም ኬብሎች ናፍቆታቸውን ችለው የቆዩ ይመስል እዚያው ወለል ላይ ተቃቀፉ። እሱ በአራት እግሩ እየዳኸ ያላቅቃል፣ ጨርሶ አላቀቅሁ ሲል ሌላኛው ጫፍ ጋ ይጠብቀዋል። እነዚያ ውብ ማጠንጠኛዎች ባዷቸውን፣ አረንጓዴ ሆነው፣ ከላይ ያዩታል። ሰውዬው አሮጌ ሱሪውን ለብሶ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣ፣ ኬብሉን በእግሩ ሊሻገር ሲል ተጠላለፈ፣ ቆመ፣ ወደ ታች አየ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር በራ።

«ቆይ እንጂ። ቋጠሮ፣ ቋጠሮ የሚሉት አንተ ነህ እንዴ?»

በያጁ ከጠረጴዛው ሥር ነበር። ሦስት ሳምንት፣ የሚስቱ አልጋ፣ የሥጋ መፍጫው እጀታ፣ ሁሉም ለዚህች ደቂቃ ነበር፤ ደቂቃዋ መጣችና ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ አገኘችው። ከዚያ የአማቱን ድምፅ ሰማ።

«አማቼ ነው» አሉ።

«አይ፣ ማለቴ፣ ሰው ሲለው...»

«ሰው የሚለውን እኔም ስለው ኖሬያለሁ። አንተም እኔን ሱሪ ጎታች ብለኸኝ ነበር፤ ነኝ እንዴ? አማቼ ነው አልኩህ።»

«ስማቸውስ?» አለ ሰውዬው፣ አሁን አንቱ እያለ።

አማቱ አፋቸውን ከፈቱ። ስሙን ያውቁታል፣ ከልጃቸው የጋብቻ ወረቀት ላይ አንብበውታል። ግን አንድም ቀን ያልዘመሩት መዝሙር ነውና አልወጣ አላቸው። «አማች የሚለው ስም አይበቃህም?» አሉና ጃንጥላቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ። በያጁ ጠረጴዛው ሥር ሆኖ አንድ ያልተቋጠረ ቦታ ለረጅም ጊዜ የሚፈታ መሰለ።

በዘጠኝ ሰዓት መደገፊያው ቆመ። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ በጣቷ፣ ቀጥሎ በትከሻዋ፣ በመጨረሻ በሙሉ ሰውነቷ ተደግፋ ሞከረችው፤ ንቅንቅ አላለም። ግን ፊቷ አልተፈታም፣ ወለሉን ታያለች። አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ስፒል በሳንቃው ክፍተት ገብቶባታል። በእጅ አይወጣ፣ በመጥረጊያ አይወጣ። አማቱ ወለሉን አዩ፣ ማጠንጠኛውን አዩ፣ በያጁን አዩ።

«እንደገና ጠቅልለው» አሉት።

«ምኑን?»

«ኬብሉን ነዋ። አጥፍተኸዋል፣ አልምተህ ሂድ።»

ጠቀለለው። እሱ ደጅ ወጥቶ ቁራጭ ብረት ላይ እሳት ይለኩሳል፣ አማቱና ልብስ ሰፊዋ ማጠንጠኛውን ከነማቆሚያው ይዘው በወለሉ ላይ እየገፉ ይሄዳሉ። ኬብሉ እንዳይግልና ላስቲኩ እንዳይሸት እሱ በየመሀሉ ያርፋል። አማቱ ከውስጥ፣ «ለኩስ» ይላሉ። ቆይተው፣ «ተው፣ እናራግፍ» ይላሉ። «ለኩስ። ትንሽ ቆይ። እዚህ ጋ ብዙ አለ፣ ተው እንዳታጠፋው።» እንዲህ ያለ ወሬ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አላወሩም። ከክፍተቱ የዛሬው ስፒል ወጣ፣ የትናንቱም ወጣ፤ የዛገ መርፌ፣ የቀሚስ መንጠቆ፣ የብረት አዝራር፣ ልብስ ሰፊዋ ሠራተኛዬ ወሰደችው ብላ ያባረረችበት ትንሽ መቀስ። መቀሱን ስታይ ቁጭ አለች፤ ሠራተኛይቱን ለመፈለግ መሄድ አለብኝ አለች። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ ያያል። ደረጃው ላይ የቆሙት ሰዎች ሁሉ አዲሱን መደገፊያ ይዘው እንደቆሙ ያወቀ የለም።

ወደ ቤት ሲሄዱ አማቱ ከፊት፣ በያጁ ጋሪውን እየገፋ ከኋላ ነበሩ። ወሬው ቀድሟቸዋል። ጫማ ጠጋኙ ሲያልፉ፣ «ማግኔት፣ እንደምን ዋልክ» አለ። ባለ ዳቦ ቤቱ፣ ያው የመጀመሪያው ስም አውጪ፣ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ማግኔት ወይስ ቋጠሮ፣ ዛሬ በየትኛው እንጥራህ?» አለ። በያጁ አንገቱን ደፋ። አንዱን ስም ሊያወልቅ ወጥቶ ሁለት ለብሶ እየተመለሰ ነው። አማቱ ግን ቆሙ፣ ወደ ዳቦ ቤቱ ዞሩ፣ እስኪያፍር ድረስ አዩት፤ እሱም ዳቦ የሚደረድር መሰለ።

ከፋርማሲው አጠገብ አንድ ጋራዥ ያለው ሰው ሮጥ ሮጥ ብሎ ደረሰባቸው። ወደ በያጁ ሊሄድ አለና አማቱን ሲያይ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ኮፍያውንም አወለቀ።

«እማማ፣ አማችዎ ናቸው አሉኝ። የግቢዬ በር ተገንጥሎ ነው። ወለሌም ላይ ያለው የብሎንና የዳዶ ብዛት አይነገርም፤ እሱንም ቢያነሡልኝ ብዬ።»

«በሩ ከሶኬቱ ስንት ሜትር ይርቃል?» አሉ አማቱ።

«አሥር ቢሆን ነው።»

«ኬብሉ ሙሉውን ይዘረጋል። እንቅፋት ካለ ቀድመህ አንሣ፣ ስንፈታ ደግሞ አጠገባችን ቆመህ አትስቅ። መቼ ነው የፈለግከው?»

«ነገ ቢሆንልኝ።»

አማቱ ጃንጥላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ፣ ወደ ሰማይ ቀና ብለው የሚያሰሉ መሰሉ፣ ከዚያም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ነገ አይመቸንም» አሉ። «ሥራ በዝቶብናል። ከነገ ወዲያ ጠዋት እንመጣለን።»

በያጁ ከኋላቸው ጋሪውን ይዞ ቆሞ ሰማ። ነገ ምንም ሥራ አልነበረውም። ይህን ሊናገር አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመ፤ ሁለቱም መንገዳቸውን ቀጠሉ።